ቢጫዋ ካርድ

መስታወት ሕልሙን ያየችው በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ግንባሯን የስፌት ማሽኗ ላይ ጣል አድርጋ ነው። ነፍሰ ጡር ናት። ከጧት ጀምሮ ደግሞ ሽንቷ ወጥሯታል። በፋብሪካው ደንብ ሽንት ቤት የሚኬደው ቢጫዋን ካርድ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ሲሆን፣ ካርዷም ለመላው የስፌት መስመር አንዲት ብቻ ናት። ዛሬ ግን የሠራተኛ መብት የሚመረምሩ እንግዶች ከውጭ ይመጣሉ ተባለና ሱፐርቫይዘሩ አቶ ልሳኑ እንዳያዩበት መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባት። ካርድ ከሌለ መሄድ የለም። እንዲህ ያለ ጉድ እያለ ሕልም ምን ይጨምራል ትሉ ይሆናል፤ ጨመረ።

በሕልሟ ማሽኗ አዛጋ።

«ስምንት ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ ትርፍ ሰዓት እንድሠራ ማን አስፈቀደኝ?» አለና ክሩን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

መስመሩ ላይ አጎንብሰው የሚሰፉት አለቆቹ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ይታገላል። የመስመሩ ሴቶች ሶፋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ብርቱካን ይልጣሉ። ቢጫ ካርድ ያላንጠለጠለች አልነበረችም፤ መስታወትማ ደራርባ አድርጋዋለች።

በሩ ተከፈተና መርማሪዎቹ ገቡ። እሷው የሰፋቻቸው፣ ወደ ውጭ የሚላኩ ሰማያዊ ሱሪዎች ነበሩ፤ ውስጣቸው ሰው ሳይኖር ይራመዳሉ።

«የሰፋችን የታለች?» አለ ፊተኛው ሱሪ።

«እኔ ነኝ።»

«ምሳ በልተሻል? ወገብሽንስ አያምሽም?»

መስታወት እንባዋ መጣ። እዚያ ግቢ ከገባች ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«እሷ ሳታርፍ አውሮፕላን ላይ አንወጣም» አሉና ሱሪዎቹ በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘርረው ተኙ።

ይኼኔ አቶ ልሳኑ ጉልበቱን ገጥሞ እየተቁነጠነጠ መጣ።

«መስታወትዬ፣ በሆድሽ ባለው ልለምንሽ፣ አንዷን ካርድ አውሺኝ።»

«ጧት እኔ ስለምንህ ምን አልከኝ?»

«ቻይው አልኩሽ።»

እሷም ቻለው ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ፊቱን ስታየው ግን አንጀቷን በላት፤ ጭንቁን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«ካርድ ምን ያደርግልሃል? ተነሥተህ ሂድ በቃ» አለችው። ሮጠ።

ትከሻዋን ነካ ሲያደርጓት ባነነች። አንዲት ሽበታም ፈረንጅና አስተርጓሚዋ ፊቷ ቆመዋል። ከኋላቸው አቶ ልሳኑ እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሏል።

«ሽንት ቤት በፈለግሽ ጊዜ ትሄጃለሽ ወይ? ነው የሚሉሽ» አላት አስተርጓሚው።

መልሱን ሳምንቱን ሙሉ ሲያስጠኗት ሰንብተዋል።

«አዎ፣ በፈለግኩ ጊዜ» አለችና ተነሥታ ወደ ሽንት ቤቱ አመራች።

አቶ ልሳኑ በእንግዶቹ ፊት ምን ይበላት? የመስመሩ ሴቶችም ወንበራቸውን እየገፉ ተከተሏት። አቶ ልሳኑ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደ ደረቀ፣ ሁሉም እስኪያልፉ ድረስ በሩን ይዞላቸው ቆመ።