በድሬ ገለልተኛ ሰው ፍለጋ

ገለልተኛ ሰው የሚፈልግ ድሬዳዋ አይምጣ! እዚህ ሁለት ሰው ሲጣላ ከማዶ የቆመው ባጃጅ እንኳ ወገን ይይዛል።

ምን አስጀመረኝ መሰላችሁ? የድሮ ስኮትላንዳውያን ፈላስፎች። (እንዳትሸሹኝ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ!) ኅብረተሰብ ከአደን ወደ እረኝነት፣ ከእረኝነት ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ንግድ አደገ ይላሉ። እኛ ድሬዎች እንግዲህ ንግዱ ዘመን ላይ ነን። ፍየሌ ግን እረኝነቱ ላይ ቀርታለች! በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? የኔዋ ሳሩንም አላየች... ሁለቱን ግቢ በሚያገናኘው በር ሹልክ ብላ፣ ጎረቤቴ ሐዋ ለልጇ ሰርግ ከድሬው ታይዋን ገበያ የገዛችውን የሐር ሻሽ ስታመነዥክ ደረስንባት።

"አቦ በቃ! ግንበኛ ጠርቼ በሩን አስደፍነዋለሁ!" አለች ሐዋ።

ጨው ሲያልቅ የምንሄደው፣ ልጅ ሲታመም የምንሮጠው በዚያ በር ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ በግንብ የተከለለ ጎረቤት ግን ከሩቅ ዘመድም ይርቃል። ደግሞስ ለሚስቴ ምን ልበላት?!

እነዚያው ፈላስፎች ለዚህም መላ አላቸው፤ ጥፋትህን ለማወቅ ራስህን በገለልተኛ ተመልካች ዓይን እየው ይላሉ።

"ሐዋ፣ ገለልተኛ ሰው ይፍረደን።"

"ወላሂ ከየት ታመጣዋለህ?"

እውነቷን ነው! የመጀመሪያው ሽማግሌ የሐዋን ሻይ ፉት እንዳለ ፈረደብኝ። ሁለተኛው የፍየሌን ወተት የለመደ ነው፤ "እንስሳ ምን ታውቃለች?" ብሎ ሊያለቅስልኝ ደረሰ።

በመጨረሻ ከባቡር ወርዶ አልጋ ቤት የጠፋበት እንግዳ አገኘሁ። ማንንም አያውቅ፣ ሻይም "አልጠጣም" አለ። ፀሐይ ላይ ቆሞ ሁለታችንንም በጥሞና ሰማን።

"ፍየሏ የገባችው በሩ ስላለ ነው" አለ። "ስለዚህ በሩ ይደፈን።"

ሐዋ ብድግ! "ማነህ አንተ፣ የኛን በር የምትደፍነው?!"

"እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ያሉት..."

"እኔ ብል ጎረቤቴን ነው ያልኩት! አንተ ምን አገባህ?"

እኔስ ዝም እላለሁ? "ሂድ አቦ! የሰው ቤት ልታፈርስ ነው?" ብዬ አምባረቅኩበት። ምስኪኑ ሻንጣውን እየጎተተ እግሬ አውጪኝ አለ።

ሐዋ ትንፋሿን ሰብስባ ዞረችብኝ። "ነገ ታይዋን ሄደህ ሻሹን ትገዛለህ። ፍየልህን እሰር። አሁን ግባና ሻይ ጠጣ።"

እናም ስኮትላንዳውያኑ አልተሳሳቱም፤ ገለልተኛ ሰው ለሰላም የግድ ያስፈልጋል። ተባብረው የሚያባርሩት ሰው ከሌለ፣ ጎረቤታሞች በምን ይታረቃሉ?