መንገዱን ይዞ የመጣ ለቀስተኛ

ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ መንገዱ የሚያወራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ቡሬ ገጠመኝ። ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ባሏ ሞቶባት ድንኳን ተቀምጠናል። የሟቹ የአጎት ልጅ ከአዲስ አበባ ደረሰ። የዓባይ በረሃን ጉም አደነቀ፤ ደጀን ላይ የበላውን ጥብስ አመሰገነ። ከዚያ መከራውን ጀመረ፦ መንገድ ተዘጋ፣ አውቶቡስ ውስጥ አደረ፣ ወገቡ ተቆረጠ። እኛስ ምን እናድርግ? ከንፈራችንን መጠጥንለት። ሟቹ ተረስቶ ለቅሶው ለወገቡ ሆነ።

«ፍኖተ ሰላምን እንዳለፍን ደግሞ ተኩስ! ለጥቂት ተረፍን እላችኋለሁ» አለ።

ጥሩወርቅ ቀና አለች።

«እንኳን አንተ ደረስህ፣ ወንድምዓለም» አለችው። «የኔው እዚያው ነው የቀረ።»