አጀማመር የሚያሳምረው ኮሚቴ

እናንተ ስሙ፣ እኔ ልንገር። ድሮ፣ እንስሳት ደብተር በሚይዙበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ኮሌጅ ነበረ። መምህሩ ኤሊ ነበሩ። የሚያስተምሩትም ክረምት ሲገባ ወንዙን በየት በኩል እንደሚሻገሩት ነበር።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ተማሪው ሁሉ ወደቀ። መምህር ኤሊም፣ «በሁለተኛውም የወደቀ ኮሌጁን ይለቃል» አሉ። ከሁሉ ይልቅ የደነገጠችው አህያ ነበረች፤ ከተባረረች የሚጠብቃት ጭነት መሆኑን ታውቃለችና።

አዲሱ ሴሚስተር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ተማሪዎቹ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ዝንጀሮ በድምፅ ብልጫ ሰብሳቢ፣ ጦጣ ጸሐፊ ሆኑ።

«ባለፈው የወደቅነው አጀማመራችን ስላላማረ ነው» አለ ዝንጀሮ። «አሁን ግን ሳናቅድ አንዲት ገጽ አንገልጥም።»

ሁሉም አጨበጨቡ።

የሌሊት ወፍ ተነሥታ፣ «ትምህርቱ ወደ ጭንቅላት እንዲወርድ ተዘቅዝቀን እናጥና» አለች። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጉማሬ ለሙከራ ተሰቀለ፤ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ጸሐፊዋ ላይ ወደቀ።

ጅብ ደግሞ፣ «በቡድን ማጥናት ይበጃል። እኔ ከፍየሎቹ ጋር ልመደብ» አለ። ፍየሎቹ፣ እሱ ከወንዙ ወዲህ እነሱ ከወዲያ ሆነው እንዲጠና ለመኑ። ጉዳዩን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመና ሦስት ሳምንት ፈጀ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ፍየል ጎደለች። ጦጣ በቃለ ጉባኤው ላይ፣ «በግል ምክንያት ያልተገኘች» ብላ ጻፈች።

አህያ በስብሰባው አልነበረችም። ሰኞ ክፍል ስለነበረ ክፍል ገብታለች። ከፊት ተቀመጠች። ያልገባትን ጠየቀች፤ ሲደገምላትም አልገባትም፤ እንደገና ጠየቀች።

«አሰለቸሁዎት መምህር፤ ቶሎ አይገባኝም።»

«ጠይቂ ልጄ» አሉ ኤሊ። «ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ጥጃ ነው፤ በአራተኛው ወር ወይፈን ሆኖ ይወጋል።»

ከክፍል ስትወጣ በመንገዷ ባለ ኩይሳ ፊት ቆማ የተማረችውን ትተርክለታለች። ኩይሳው ዝም ብሎ ይሰማታል። የተደናቀፈችበትን ቦታ ይዛ በማግሥቱ ለመምህሯ ታቀርባለች።

አንድ ቀን ጦጣ እንዲያ ስታደርግ አገኘቻት።

«እቅድሽ የታለ?»

«እቅድ የለኝም እኅቴ፤ ክፍል አለኝ።»

«ምስኪን» አለች ጦጣ፤ ከልቧ አዘነችላት።

አራት ወር አለፈ። የጥናቱ መርሐ ግብር በሰባት ቀለም ተሠርቶ ዋርካው ላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያው መስመር፣ «ጥናት ነገ ይጀመራል» ይላል። ፈተናው ግን በዚያው ዕለት ነበር።

ፈተናው ወንዙን መሻገር ነው። አህያ በተማረችው በኩል ቀስ ብላ ገብታ ማዶ ወጣች። ሌሎቹን ውሃው ጠራርጎ ከታች ደለሉ ላይ ጣላቸው። ዝንጀሮ መርሐ ግብሩን እንዳቀፈ ተገኘ።

ሌሎቹ ሁሉ ቢባረሩ ኮሌጁ በአንድ ተማሪ ይቀራልና አንድ የመጨረሻ ዕድል ተሰጣቸው። እነሱም ወዲያው ተሰበሰቡ። ተሞክሮዋን እንድታካፍል አህያን ጠሯት።

«ምስጢሩን ንገሪን» አለ ዝንጀሮ።

«ክፍል ገባሁ። ያልገባኝን ጠየቅሁ።»

ተሳሳቁ። «ትደብቀናለች፤ ምቀኛ ናት» አለ ጅብ።

ዝንጀሮ ግን ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ዞራት። «ወገኖቼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጆሮዋን እዩት።»

ነገሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ በራላቸው። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ጆሮ ማስረዘም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጥንቸል ያለ ምርጫ የክብር አባል ሆነች። ጉማሬ ከሁለቱም ጆሮዎቹ ድንጋይ አንጠለጠለ። ጦጣም ገመድ አምጥታ የአህያን ጆሮ መለካት ጀመረች።

ይህን ጊዜ የክፍል ደወል ተደወለ። አህያ ልትሄድ ተነሣች።

«ቆዪ እንጂ፣ ገና ግራውን አልለካንም» አለች ጦጣ።

አህያ ገመዱን ከጆሮዋ እንዳንጠለጠለች ሮጣ ክፍል ደረሰች። መምህር ኤሊ ትምህርቱን ጀምረው ነበር።

«አንቺ አርፍደሽ አታውቂም፤ ምን አገኘሽ?» አሏት።

«ጆሮዬን ሲለኩ ነው መምህር» አለች አህያ። «ርዝመቱን በስንዝር ጽፈውታል። በእሱ ምን እንደሰማሁበት ግን አንድም የጠየቀኝ የለም።»