ክንድ በውሰት

የዘንድሮ ሰው ጨርቅ ሊገዛ ብቻውን ይሄዳል። ስልኩን እየነካካ ሱቅ ይገባና «ከዚህ አራት ሜትር» ብሎ ይወጣል። ይሄም ገበያ ወጣሁ ይባላል! በእኛ ጊዜ ጨርቅ ለመግዛት ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ ክንድ ያስፈልግ ነበር። ጨርቅ የሚለካው ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነዋ፤ ያውም በገዢው ወገን ክንድ። ክንዱ ያጠረበት ሰው ክንደ ረጅም ጎረቤት ለምኖ ይዞ ይወጣል። ባለሱቁ ሜትር አልነበረውም እንዳትሉኝ። ነበረው። ግን ሜትሩ የባለሱቁ ወዳጅ ነው፤ ክንድ ደግሞ የባለቤቱ።

ኩራት አይሁንብኝና፣ በቢቸና የእኔን የሚያህል ክንድ ያላት ሴት አልነበረችም። እግዜር ሲሠራኝ ከአፍንጫዬ የቀነሰውን ክንዴ ላይ ጨምሮታል። ሰርግ ያለበት፣ ክርስትና የሚያነሣ፣ ልጁን ቄስ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሁሉ ማለዳ ደጄ ላይ ይቆማል። «ይታይሽ፣ እባክሽ ክንድሽን አውሺኝ» ይለኛል፤ መጥረቢያ የሚዋስ ነው የሚመስለው። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ እወጣለሁ። ደሞዜ ምርቃት ነው። ደግሞስ ማን ይጠላል፣ ገበያው ሁሉ «እሷ መጣች» ብሎ መንገድ ሲለቅለት?

ጨርቅ ሻጩ ሐጂ ኑር ነበሩ፤ አላህ ይማራቸው። አቡጀዲው፣ መርዶፋው፣ ካኪው፣ ለባለጸጋ ደግሞ ከፋዩ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ነው። ከዋንዛ የተሠራ ሰፊ ባንኮኒ ነበራቸው። እኔን ከሩቅ ሲያዩ የጨርቅ ጣቃውን ዝናብ እንደመጣበት እህል ሊሰበስቡት ይቃጣቸዋል። «ወይ ጉዴ! መጣች ደግሞ! ይሄ የሴት ክንድ ነው ወይስ የዓባይ ድልድይ?» ይላሉ። እኔም «ሐጂ፣ ድልድይ የሚፈራ የሚሻገር ነው፤ እርስዎ ቆመው ምን ያንቀጠቅጥዎታል?» እላቸዋለሁ። ሰው ይስቃል። ክንዴን ባንኮኒው ላይ አጋድሜ «አንድ... ሁለት...» ስል ሐጂ በየክንዱ አንዴ ያቃስታሉ። ሲያልቅ ምራቂ እጠይቃለሁ፤ ምራቂ ነጋዴው ከልኩ በላይ መርቆ የሚጨምራት ናት። «ምራቂውንማ ክንድሽ ወሰደው!» ብለው ይጮኹና አንድ ስንዝር ይጨምራሉ። እየተራገመ የሚመርቅ ነጋዴ ዛሬ ወዴት ይገኛል? አሁን ያለው ዋጋውን በወረቀት ለጥፎ የሚቀመጥ ነው። ከወረቀት ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል?

ባሌንም ያገኘሁት እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው። ቁመቱ አጭር ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ለሱሪ የሚሆን ካኪ ሊገዛ ሲመጣ ክንዴን ተዋሰኝ፤ በወሩ ሽማግሌ ላከ። ጓደኞቹ «ከምኗ ላይ ነው ዓይንህ ያረፈ?» ቢሉት «ክንዷን ተውሼ መመለስ ከበደኝ» አላቸው። እስኪሞት ድረስም አልመለሰም።

ነገርን ነገር እየሳበው እናንተንም አቆምኳችሁ። ወደ ጉዳዬ ልግባ። አምና የልጅ ልጄ ልታገባ ሆነና ለአራት ሚዜዎቿ አንድ ዓይነት ጨርቅ ፈለገች። ቀለሙ «ፒች» ይባላል አሉ። እኔ የማውቀው ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢበዛ የዳመና መልክ ነው፤ ይሄኛው ያልበሰለ ሽሮ ይመስላል። ይሁን። እንዲህ ያለው ጨርቅ የተገኘው ሞጣ አንድ ሱቅ ብቻ፣ ያውም ከጣቃው የቀረው ለአራቱ ልጆች ልክ የሚበቃው ነው። ልግዛላችሁ አልኩ። ሙሽሪት «አያቴ፣ ልብስ ሰፊው አሥራ አራት ሜትር ነው ያለው፤ አደራ በሜትር» አለችኝ። በሜትር! ለእኔ! አንድ ቀሚስ ሰባት ክንድ፣ አራት ልጅ ሃያ ስምንት ክንድ፤ ይሄን ለማወቅ ተማሪ ቤት መዋል ያስፈልጋል?

ሚኒባሱ ጉንደ ወይን መንገድ ላይ አጥንቴን ሲቆጥረኝ ቆይቶ ሞጣ አደረሰኝ። ሱቁ የሐጂ ኑር የልጅ ልጅ፣ የሰይድ ሆኖ አገኘሁት። ቤተሰቡ ከቢቸና ሲለቅ ባንኮኒውንም ጭኖ ወስዶት ኖሯል። ልጁ ስሜን ሲሰማ ብድግ አለ። «ባለ ክንዷ እማማ ይታይሽ እርስዎ ነዎት? አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ስምዎን ያነሱ ነበር» አለኝ። «በደግ ነው በክፉ?» ስለው «በክፉ» አለ። ደስ አለኝ። ነጋዴ በክፉ ካነሳሽ በደንብ ለክተሻል ማለት ነው።

ሜትሩን ሊያነሳ ሲል «አስቀምጠው ልጄ፣ ከዚህ ባንኮኒ ጋር የምንተዋወቀው አንተ ሳትወለድ ነው» አልኩት። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት አስተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ሰው ካየኝ አያድርስ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሃያ ስምንት ቆጠርኩ። ልጁ አንዴም አላቃሰተም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ስጨርስ ከጣቃው ቁራጭ ተረፈ። «አያችሁ! በእኔ ክንድ ሲለካ ጨርቅ ይተርፋል!» ብዬ ፎከርኩ። ሰይድ ዝቅ ባለ ድምፅ «እማማ፣ ይቺንም ቢይዟት አይሻልም?» አለኝ። «ትራፊህን ልትጭንብኝ ነው?» ብዬ ሱቁን አሳቅኩበትና ወጣሁ።

ቢቸና ስመለስ ሰፊው ዘርግቶ ለካ። ደግሞ ለካ። መነጽሩን ጠራርጎ እንደገና ለካ። «እማማ፣ ሦስቱ ደኅና ናቸው፤ አራተኛዋ ግን እስከ ወገቧ ሚዜ ናት፣ ከወገቧ በታች እግዜር ያውቃል» አለኝ። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰርጉ እሑድ። የልጅ ልጄ «አብረውኝ ካደጉት አንዷን በምን አፌ ቅሪ ልበላት?» እያለች ታለቅስ ጀመር። ያቺ ቁራጭ ትዝ አለችኝ። ተናገርኩ? ምን በወጣኝ! «ያ የሐጂ ዘር ሲቀድ ሰርቆኛል!» ብዬ ጮኽኩ። በልቤ ግን «እመቤቴ፣ እንዳትሸጥ አድርጊልኝ» እላለሁ።

ዓርብ ማለዳ ወደ ሞጣ። መንገዱን ሙሉ ስድብ ስመርጥ ሄድኩ፤ ለአባቱ አንድ፣ ለአያቱ ሁለት፣ ለራሱ ግን የተለየ። ገና አፌን ስከፍት ሰይድ ያቺን ቁራጭ ተጠቅልላ ከባንኮኒው ሥር አወጣት። «ትናንቱኑ ይመለሳሉ ብዬ ጠብቄዎት ነበር» አለኝ። ያ የመረጥኩት ስድብ ሁሉ ባከነ። «አውቀህ ነው?» ስለው «ሲለኩ አይቼ ነበር። በሰው ፊት ክንድዎ አጠረ ማለት ከበደኝ» አለ።

አጠረ! «ክንድ ገመድ ነው እንዴ የሚያጥር?» አልኩት። ሰይድ ባንኮኒው ላይ የተነጠፈውን ላስቲክ ገለጠ። ዋንዛው ላይ የተመቱ ሁለት የናስ ምስማሮች ነበሩ፤ ከመዳበስ ብዛት አናታቸው ያበራል። «ይሄ የእርስዎ ክንድ ነው። አያቴ አንድ ቀን እርስዎ ሲለኩ በከሰል ምልክት አድርገው፣ እንደወጡ ምስማሩን መቱት» አለኝ።

ክርኔን አንዱ ምስማር ላይ አሳርፌ ዘረጋሁ። ቁርጥማት ያጎበጣቸው ጣቶቼ ከወዲያኛው ምስማር ሊደርሱ ሁለት ጣት ቀራቸው። በሌላ እጄ ተጫንኳቸው። አሁንም ሁለት ጣት። እርጅና ብቻህን ና ይሉታል፤ መች እሺ ይላል፤ መቀሱን ይዞ ነው የሚመጣ። እዚያ ምስማር ድረስ የምትደርሰው ያቺ ቀጭን ልጅ፣ ያ ሳቅ፣ ያ ባለ ካኪ አጭር ሰው፣ ሁሉም ከሁለት ጣት ማዶ ቆመው አየኋቸው። ለእንባ የሚሆን ጊዜ ግን አልነበረኝም፤ ሚኒባሱ ይሄድብኛል።

«ሐጂ ለማስታወሻ ነው ያስቀሩት?» አልኩት፣ ትንሽ እየተኩራራሁ። ሰይድ ሳቀ። «ለዋጋ ነው እንጂ! አያቴ አዲስ ጣቃ ሲመጣ መጀመሪያ በዚህ ክንድ ይለኩታል። የአንዱን ክንድ ዋጋ በእርስዎ ልክ ይቆርጣሉ፣ ትርፋቸውን እዚያው ውስጥ ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ማቃሰት ብቻ ነው» አለኝ።

እንዴ! ያ ሁሉ ዘመን ሐጂን አራቆትኩ ስል፣ ለካ ሰዎቼን የማስገዛቸው በትክክለኛው ዋጋ ኖሯል! «ታዲያ እኔን ሳይዝ፣ በራሱ አጭር ክንድ የመጣውስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱማ ለአያቴ ምራቂያቸው ነበር» አለኝ።

እሑድ አራቱም ሚዜዎች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለብሰው ሙሽሪትን አጀቡ። ሰፊው ነገሩን ሊያወራ አፉን ሲያሞጠሙጥ በጠላ ዘጋሁለት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ ለመጋረጃዋ ጨርቅ እንድለካላት መጣች። ክንዴ ሞጣ ነው፣ እኔ ጋ የቀረው ቁራጩ ነው ብዬ ሰደድኳት።