ቸኩዬ ያመሰገንኩለት ጉልበት

እኛ ላስታዎች በምስጋና የሚደርስብን የለም። ምክንያት አጥቶ ማመስገን ያቆመ ሰው በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። በሬው ገደል የገባበትን ገበሬ "እንዴት ነህ?" ብትሉት "ተመስገን" ይላችኋል። ጣሪያውን ንፋስ ነቅሎ ጎረቤት ግቢ የጣለበትንም ጠይቁት፤ "ተመስገን፣ ግድግዳው አለ" ነው መልሱ። በዚህ ነገር ሐኪም እንኳ ተቸግሯል። "ምንዎትን ነው የሚያምዎት?" ሲባል "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ብሎ የሚጀምርን በሽተኛ በየት በኩል ያክመዋል? እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ምስጋና እወደዋለሁ። ማንንም ምንም አያስገድድም። "ተመስገን" ይባላል፣ መንገድ ይቀጠላል።

አደገኛው ሌላው ነው፤ በሰው ፊት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ እልልታ ተጨምሮበት የሚቀርበው። እሱ አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም። እግዚአብሔር ሰምቶታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጎረቤት ሰምቶታል። አንድ የሰፈራችን ሰው በማኅበር መሃል ብድግ ብለው "ልጄን ለጨዋ ልጅ ስለዳርክልኝ ተመስገን" አሉ። የተባለው ጨዋ ልጅ እዚያው ተቀምጦ ጠላ እየጠጣ ነበር፤ ገና ሽማግሌም አልላከ፣ ምናልባትም አላሰበ። ግን ቤቱ በእልልታ ሲናጋ ምን ያድርግ? ዛሬ ሦስት ልጆች አሏቸው። እኔ ይህን ታሪክ ለሰው እያወራሁ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ግን አልወሰድኩበትም። ትምህርቱን የወሰድኩት ዘግይቼ፣ ከአማቴ ከአያ ፈንታው ግራ ጉልበት ነው።

አያ ፈንታው የብልባላ ገበሬ ናቸው። በጥቅምት መጀመሪያ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጸበል ሊጠመቁ ላሊበላ፣ እኛ ቤት መጡ። "ሁለት ሳምንት ነው" አሉ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ኅዳር ሲጋመስ አያ አሁንም አልጋችን ላይ ነበሩ። አልጋችን ስል የእኔንና የባለቤቴን የትርንጎን ማለቴ ነው፤ ያለን አንድ አልጋ ነው። እኛ ሳሎን ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን፣ እግሬ ከበሩ ራሴ ከቁም ሳጥኑ ጋር እየተጋጨ እናድራለን።

ሽማግሌ አክባሪ መሆኔ ይመዝገብልኝ። ቅር ያሰኘኝ የአያ ጸሎት ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ይነሱና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ በአንድ እየጠሩ ያመሰግናሉ። ለዚህ ለሚሞቀው ብርድ ልብስ ተመስገን ይላሉ። ብርድ ልብሱ የእኔ ነው። ለዚህ ለማይቆረቁረው አልጋ ተመስገን ይላሉ። አልጋውን ከአናጢው ቤት በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትናንት ለበላነው ሽሮም ይመሰገናል፤ ሽሮውን እንኳ ለትርንጎ ልተወው። ሁሉም ነገር በቀጥታ ከሰማይ እንደወረደ ነው የሚቀርበው። አንድ ቀን እንኳ በስህተት "በአማቼ በኩል" የምትል ነገር ትገባ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። አልገባችም። ስሜ ቢጠራ ምን ይጎድል ነበር? አምላክስ የእኔን እጅ መጠቀሙን ቢሰማ ይከፋው ነበር?

ይህን ቅሬታ ለትርንጎ ባቀርብላት "አባቴን ያስቀመጥከው ለመመስገን ነው እንዴ?" አለችኝ። የቀረኝ ተስፋ አንድ ብቻ ሆነ፤ ጉልበቱ መዳን አለበት። ለአያ ጉልበት የጸለይኩትን ያህል ለገዛ ነፍሴ ጸልዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምታገኙኝ ገዳም ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ወደ ጸበሉ ይዣቸው ሄድኩ። ጸበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ከገደል ሥር ነው። ውርጭ የጣለበት ጠዋት ነበር፤ የላስታን ኅዳር የቀመሰ ያውቀዋል። አያ ምርኩዛቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ገቡ። ቄሱ ሦስት ጊዜ አፈሰሱባቸው። በሦስተኛው አያ "ዋይ!" ብለው ዘለሉ። ዘለውም አላበቁ፤ ያለ ምርኩዝ አራት እርምጃ በሩጫ መጥተው ጋቢያቸውን ከእጄ ነጠቁኝ።

አራት እርምጃ! ቆጥሬያለሁ፤ የሒሳብ መምህር ነኝ አልኳችሁ እኮ። በዐይኔ ላይ ድቅን ያለው አልጋዬ ነው። አስቤበት አይደለም፣ አፌ ቀደመኝ። "ተመስገን! አማቴ ዳኑ!" ብዬ ገደሉ እስኪያስተጋባ ጮህኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዲት የማላውቃቸው እናት መሬት ስመው ተነሡ። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ አያ ቀረቡና "እውነት ነው ወይ?" ሲሉ ጠየቋቸው።

አያ እኔን አዩኝ። ሕዝቡን አዩ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነበር። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ያ ሁሉ ሰው እልል ካለ፣ አምላክ ከተመሰገነ በኋላ "ቆዩማ፣ ትንሽ ያመኛል" ይባላል?

"ተመስገን" አሉ አያ።

በዚያ ጸበል አንድ ልማድ አለ። የዳነ ሰው ተደግፎት የመጣውን ምርኩዝ ለምስክርነት እዚያው ትቶ ይሄዳል። ቄሱ የአያን የወይራ ምርኩዝ አንስተው፣ ተሳልመው፣ ከገደሉ ሥር ከተደረደሩት ከሌሎቹ ጋር አቆሙት። አያ ያን ምርኩዝ የያዙት ትርንጎ ከመወለዷ በፊት ነው። ከዐይናቸው እስኪጠፋ ድረስ ዞር እያሉ ያዩት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገዋል። ያየን ሁሉ አማትና አማች እንዲህ ሲዋደዱ አይተን አናውቅም ይላል። ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ መግባቱን መንገደኛ ከየት ያየዋል? ያንን ዳገት ሁለታችንም በአንድ ሰው ጉልበት ወጣነው፤ በእኔ።

በሩ ሲዘጋ አልጋው ላይ ተዘረሩና፣ "አንተ ልጅ፣ ድኛለሁ ያልኩህ እኔ ነኝ?" አሉኝ። ሲራመዱ ማየቴን ነገርኳቸው። "ያራመደኝ ብርዱ ነው!" አሉ። እንግዲያው ነገ ሄጄ ምርኩዙን ላምጣልዎት ብላቸው፣ መቅደስ ልዝረፍ ያልኩ ያህል ደነገጡ። ለአምላክ የተሰጠ ምስጋና ሊነጠቅ ነው? ከገበያ አዲስ ልግዛልዎትም አልኩ፤ እሱም አልተዋጠላቸውም። እሑድ የዳነ ሰው ሰኞ በአዲስ ምርኩዝ ቢታይ ሰው ጸበሉን ነው የሚያማው። በእሳቸው ጉልበት የተነሣ የጸበሉ ስም በክፉ ከሚነሣ እግራቸው ቢቆረጥ ይሻላቸዋል። ይህን ሲሉ አይቀልዱም ነበር።

ስለዚህ ድነዋል የተባሉት ሽማግሌ ሲያነክሱ እንዳይታዩ ከቤት አልወጣም አሉ። ከቤት ማለት ከአልጋዬ ማለት ነው። የምስጋናዬ የመጀመሪያ ፍሬ ይህ ነበር።

ሁለተኛው በገበያ ቀን መጣ። ቅዳሜ የብልባላ ሰው እህል በአህያ ጭኖ ላሊበላ ይመጣል፣ ወሬ ጭኖ ይመለሳል። ያን ቅዳሜ የተጫነው የአያ ጉልበት ነበር። በማግሥቱ የአያ ጎረቤት ስልክ ደወሉ። እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት ብለው በደስታ አለቀሱ። አልቅሰው ሲጨርሱ ወደ ገብሱ አለፉ። አያ ታመዋልና የመንደሩ ሰው ገብሳቸውን በደቦ ሊያጭድላቸው ተስማምቶ ነበር። አሁን ግን፣ ተመስገን፣ ድነዋል፤ ስለዚህ ደቦው ወደ ሌላ ማሳ ዞሯል። አያም ማጭዳቸውን ይዘው ቶሎ ይምጡ፤ ገብሱ ደርቆ መርገፍ ጀምሯል፣ ሰማዩም ያለ ወሩ ደመና ቋጥሯል።

አያ ስልኩን አስቀመጡ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ያ ገብስ የዓመት ቀለባቸው ነው። ያን ጊዜ አፈርኩ። ቀልድ ሳልጨምርበት፣ በእውነት አፈርኩ። አልጋዬን ለማስለቀቅ ብዬ የሰው ቀለብ ማሳ ላይ ላረግፍ ነው።

ለጎረቤትዎ ደውዬ እውነቱን ልናገር አልኳቸው። "እግዜርን ልታሳማው ነው?" አሉኝ።

ፍርዱን የሰጠችው ትርንጎ ናት። ከጓዳ ሳትወጣ፣ ዳኑ ብሎ ያመሰገነው ይጨደው አለች። ይግባኝ አልነበረውም።

ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ብልባላ ሄድኩ። ለርእሰ መምህሩ ምን ምክንያት እንደሰጠሁ አትጠይቁኝ። ማጭድ እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው በሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አጎንብሼ ያጨድኩትን አንዲት ጊደር ቆማ ትጨርሰው ነበር። የመንደሩ ሰው ከማሳው ዳር ሆኖ ያየኛል። አያ የት ናቸው ይሉኛል። ተመስገን፣ ደህና ናቸው፣ የጀመሩትን ጸበል ሳይጨርሱ መምጣት አልፈለጉም እላለሁ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤትየው ጠጋ ብለው ማጭዱን ሲያዩ ቆዩና፣ በዚህ አያያዜ ለመጪው ክረምት እንደምደርስ አጽናኑኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደመናው ጠቁሮ ዝቅ አለ። ያኔ ደቦው ከነማጭዱ መጣ። ለእኔ ያዘኑ እንዳይመስላችሁ፣ ለገብሱ ነው። እየዘፈኑ ከቀትር በፊት አጭደው ከመሩት። ዝናቡ ጥቂት አካፍቶ አለፈ። እኔ ወገቤን ይዤ ከክምሩ ጥግ ቆሜ ከልቤ "ተመስገን" አልኩ። በሹክሹክታ ነው ያልኩት፤ ግራ ቀኜን አይቼ፣ ማንም አለመስማቱን አረጋግጬ።

ላሊበላ ስመለስ ወገቤ አልዘረጋ ብሎ ነበር። እሑድ ጎረቤታችን ቤት ማኅበር አለ። አያ እሄዳለሁ አሉ፤ "ከዳኑ" ወዲህ የመጀመሪያ መውጣታቸው ነው። የእሳቸው እጅ ትከሻዬ ላይ፣ የእኔ እጅ ወገቤ ላይ፤ ሁለት ሆነን ተደምረን አንድ ጤነኛ ሰው አልወጣንም። ያጠመቋቸው ቄስም እዚያ ነበሩ። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ አያ ትከሻዬን ተደግፈው ብድግ አሉና ምስጋና አለኝ አሉ።

ስለ ገብሱ አመሰገኑ። ዝናቡን ስለያዘላቸው፣ ደቦውን ስላስነሣላቸው አመሰገኑ። ከዚያ ስሜን ጠሩ። በየማለዳው ጆሮዬን አቁሜ የጠበቅኩት ስም በአማቴ ምስጋና ውስጥ ገባ! ምርኩዜን ተቀብለህ በምትኩ ይህን አማች ስለሰጠኸኝ ተመስገን አሉ። እንባዬ መጣ። ምናለ እዚያ ላይ ባበቁ! አልጋውን ለቆልኝ፣ እስከ ፋሲካ ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንዳይሉ ብሎ ስለለመነኝ ተመስገን አሉ። ከእንግዲህ ገብስዎን በየዓመቱ የማጭደው እኔ ነኝ ብሎ ቃል ስለገባልኝም ተመስገን አሉ።

አልለመንኳቸውም። ቃልም አልገባሁም። ግን እልልታው ቀልጧል፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የትርንጎ ነው። ቄሱ ፊታቸው በደስታ በርቶ ወደ እኔ ዞሩና "እውነት ነው ወይ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

አያን ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው የጻድቅ ፊት ነው፤ ዐይናቸው ብቻ ይስቃል። ሕዝቡን አየሁ።

"ተመስገን" አልኩ።