አቶ ኢድዋል የተሳሳቱበት ቀን

የትም አገር ሂዱ፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት መንገድ ካለ፣ መንገዱን ከመንገዱ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መፈለግ አያስፈልግም፤ ካርታ አውጥታችሁ ስትዘረጉ ከየት መጣ ሳትሉ ትከሻችሁ ላይ ሲተነፍስ ታገኙታላችሁ። በዌልስ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ባሕሩ ገደሉን ቀን ከሌት በሚደበድብበት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ይህን ታላቅ ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ኢድዋል ፕሮዘሮ ነበሩ።

አቶ ኢድዋል ሠላሳ አንድ ዓመት የጠረፉን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጡ። አውቶቡሱን አስረከቡ እንጂ ተሳፋሪ መምከሩን አላስረከቡም። በየማለዳው አረንጓዴ የሱፍ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የመለኪያ ጭረት የተጫረበት ከዘራቸውን ይዘው ገደሉ አፋፍ ላይ ይሰየማሉ። አንድ ምስኪን መንገደኛ «ይቅርታ፣ እስከ ባሕር ዳርቻው ምን ያህል ይቀራል?» ብሎ ከጠየቀ መልሳቸው አንድ ነው።

«በማን እግር?»

ከዚያ በኋላ ጫማው ይመረመራል። ካልሲው ይመረመራል። የቦርሳው ማንገቻ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ እንደገና ይጠብቃል። አንዴ ለጫጉላ የመጡ ሙሽሮችን ዝናብ ላይ አቁመው ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ከደቡብ ምዕራቡ የሚለይባቸውን ሰባት ነጥቦች አስረዱ። ሙሽራይቱ አምስተኛው ነጥብ ላይ አለቀሰች ይባላል። አቶ ኢድዋል ግን ያስለቀሳት ነፋሱ ነው ባይ ናቸው፤ ያውም የደቡብ ምዕራቡ።

የሁሉም ዳፋ የሚተርፈው ለሜረሪድ ነበር። ሜረሪድ የፓርኩ የመንገድ ጠባቂ ናት፤ ሃያ ሁለት ማይል የእግር መንገድ በእሷ እጅ ነው። ሣሩን ታጭዳለች፣ የተንጋደደ በር ታቃናለች፣ የፈረሰ ደረጃ ትጠግናለች። አረንጓዴው ባርኔጣ ከሩቅ ብቅ ሲል የማጨጃ ሞተሯን አስነስታ ጆሮዋን በመከላከያው ትደፍናለች። መጀመሪያ ሰሞን ዘዴው ሠርቶላት ነበር። ኋላ ግን አቶ ኢድዋል ነቁባት፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቤንዚኑ እስኪያልቅ መጠበቅ ጀመሩ።

«ጨረስሽ ልጄ?» ይሏታል ሞተሩ ጸጥ ሲል። «ከታች የሠራሽው ደረጃ፣ አራተኛው፣ በሁለት ጣት ከፍ ይላል። ሰው ይጥላል።»

«በሜትር ለክቼ ነው እኮ የሠራሁት አቶ ኢድዋል!»

«እንግዲያው ሜትርሽን ቀይሪው።»

ተናዳ ወርዳ ለካችው። በሁለት ጣት ከፍ ይላል።

ክፋቱ ይኸው ነበር፤ ሰውየው ተሳስተው አያውቁም። በአበርኸሊ መንደር ስለ ዝናብ፣ ስለ ማዕበል ሰዓት፣ ስለ ሞተ ሰው ዕድሜ ክርክር ከተነሳ «ኢድዋል ካለ አለቀ» ይባላል። የሚሉትም ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ በዚህ ዓለም ላይ ያላቸው ሀብት ያቺ አንዲት ቃል ነበረች።

በየካቲት ወር ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ገደሉ ተናደ። ሠላሳ እርምጃ የሚሆን መንገድ ከነአጥሩ ባሕር ገባ። ያኔ ሰው አልተጎዳም። ፓርኩ መንገደኛውን ለጊዜው በመኪና መንገዱ አዞረው፤ እሱም ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ፣ ጠመዝማዛ፣ ግራና ቀኙ ካብ የሆነ መንገድ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የወተት መኪና አንዲት አሮጊት መንገደኛ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣላቸው፤ እጃቸው ተሰበረ። አምቡላንስ እስኪመጣ ቦይ ውስጥ አቅፋቸው የተቀመጠችው ሜረሪድ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ የወተት መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ሥራዋን ጥላ ወደ መንገዱ ትሮጣለች።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ የበግ አርቢዋ የወይዘሮ ኤሊኔድ የላይኛው ማሳ። ከገደሉ ራቅ ያለ፣ ደረቅ፣ ሜዳ። እሳቸው ካልፈቀዱ ግን ማንም ሊያስገድዳቸው አይችልም፤ እሳቸው ደግሞ አልፈቀዱም። ከዓመታት በፊት የአንድ ጎብኚ ውሻ ገመዱን በጥሶ ያረገዙ በጎቻቸውን አሯሯጠ፤ ሦስት ግልገል ሞቶ ተወለደ። ሜረሪድ ሦስት ጊዜ ደጃቸውን ረገጠች። በመጀመሪያው ሻይ ጠጣች፣ በሁለተኛው ሻይም አልቀረበላት፣ በሦስተኛው በር ላይ ቆማ ተመለሰች።

«ፊትሽን አልጠላሁም ልጄ» አሏት። «ግን በጎቼ እንግዳ አይወዱም። እኔም አልወድም።»

በአራተኛው ጊዜ በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ከኋላዋ ከዘራ ድንጋይ ሲመታ ሰማች። አረንጓዴው ባርኔጣ! በቃ፣ አለቀ፣ አለች በልቧ። ወይዘሮ ኤሊኔድና አቶ ኢድዋል አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሰላም ተነጋግረው አያውቁም።

በሩ ተከፈተ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አሉ ወይዘሮ ኤሊኔድ።

«ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት» አሉ አቶ ኢድዋል። «ጥሩ አደረግሽ። ይቺ ልጅ ልፋቷ ከንቱ ነው። በላይኛው ማሳ መንገድ አይወጣም፤ ዱሮም ወጥቶ አያውቅም። የሰው እግር አልረገጠውም።»

ሜረሪድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት፣ ወይም እሳቸውን ብትውጣቸው፣ በወደደች።

«የሰው እግር ምን?»

«አልረገጠውም። ሁሉም የሚያውቀው ነው።»

«አያቴ በየሳምንቱ እሁድ ወደ ጸሎት ቤት በዚያ ነበር የምትሄደው!»

«ተረት ነው ኤሊኔድ።»

«ተረት?» የወይዘሮ ኤሊኔድ ፊት ቲማቲም መሰለ። «አያቴ ተረት ናት? ቆይ! ቆይ አንተ የአውቶቡስ ሾፌር! እዚያው ቁም!»

ቦቲ ጫማቸውን እየረገሙ አጠለቁት፤ ካፖርት ሳይደርቡ ማሳውን ሽቅብ ተያያዙት። አቶ ኢድዋል ከኋላ እየተከተሉ «ምንም የለም»፣ «በከንቱ ነው የምትደክሚው» እያሉ እሳቱ ላይ ቤንዚን ያርከፈክፋሉ። ሜረሪድ ከሁለቱ ኋላ ትጎተታለች።

ማሳው ጫፍ ላይ ካቡ በእሾህና በሐረግ ተውጧል። ወይዘሮ ኤሊኔድ በባዶ እጃቸው እሾሁን ገለጥ ሲያደርጉ ከካቡ አናት ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ፤ መሐሉ በእግር ብዛት ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የጥንት አጥር መሻገሪያ ደረጃ ነው፤ የሚታየው ግን የላይኛው ብቻ፣ ከሱ በታች ያለው ሁሉ ሐረግ ለብሷል።

«ይኸው! ይኸው ተረቱ! አሁን ምን ትላለህ?»

አቶ ኢድዋል ድንጋዩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ።

በጎቹ እንኳ ማመንዠካቸውን ያቆሙ መሰለ።

«ምን አልክ?»

«ተሳስቻለሁ፣ ኤሊኔድ።»

«ልጄ፣ ሰምተሻል አይደል? ትመሰክሪያለሽ!» ወይዘሮ ኤሊኔድ ሳቁ፤ ሜረሪድ ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። ሳቃቸው ሲበርድ እጃቸውን ጎድጓዳው ድንጋይ ላይ አሳረፉት። «ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር የምትሄደው» አሉ ዝግ ብለው። «ጭቃ እንዳይነካው። እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ታጠልቀዋለች። እኔ ደግሞ እግሯን በቀሚሴ እጠርግላታለሁ።… ረስቼው ነበር።»

ከድንጋዩ ላይ አፈሩን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከታች ባሕሩ ይሰማል።

«መንገድ ነበረ» አሉ በመጨረሻ። «የአያቴን መንገድ ዘግታ ሞተች መባል አልፈልግም። አጥር ትሠሪልኛለሽ። ውሻ ደግሞ በገመድ፣ ያውም በአጭር ገመድ።»

«በአጭር ገመድ!» አለች ሜረሪድ።

ወይዘሮ ኤሊኔድ ወሬውን ለማድረስ ቸኩለው ቁልቁል ወረዱ። ሜረሪድ ካቡን ተሻግራ ወዲያ ማዶውን ልታይ እግሯን አነሳች።

«ሁለተኛውን ዝለዪው» አሉ አቶ ኢድዋል ከኋላዋ። «ይነቃነቃል።»

ሁለተኛው ደረጃ በሐረጉ ውስጥ ነው፤ አይታይም። ሐረጉን በጫማዋ ገለጥ አድርጋ ነካ አደረገችው። ተነቃነቀ።

ዞር ብላ አየቻቸው። እሳቸው ባሕሩን ያያሉ።

«ያውቁ ነበር» አለች።

«ወሬ አታብዢ።»

«አቶ ኢድዋል፣ ያውቁ ነበር! ለምን…»

«ካወራሽ ትዘጋዋለች» አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

እስከ ቀትር አበርኸሊ በሙሉ ሰምቷል። ፖስታ ቤቱ ሰምቷል፣ ዳቦ ቤቱ ሰምቷል፣ የመዘምራኑ ልምምድ በሳቅ ተቋርጧል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሳቸው የተረታ ሁሉ ቂሙን ሊወጣ ተሰለፈ። «ነገ ፀሐይ ነው» ሲሉ፣ «እርግጠኛ ነህ ኢድዋል? እንደ ኤሊኔድ ማሳ እንዳይሆን!» ይሏቸዋል። ሰዓት ሲነግሯቸው ሌላ ሰው ይጠይቃሉ። በግንቦት አዲሱ መንገድ ሲከፈት ወይዘሮ ኤሊኔድ ለመንገደኛው ሁሉ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያሳመሩ ተረኩ፤ አቶ ኢድዋል አጠገባቸው ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዲት ቃል ሳያርሙ ሰሙ። ሜረሪድ ምላሷን ነክሳ ቻለችው። ሌላው ሁሉ ሲስቅ እሷ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

በማግስቱ እሁድ ነበር፤ የዕረፍት ቀኗ። የደንብ ልብሷን ትታ፣ በፔርሙስ ሻይ፣ በወረቀት ዘቢብ የተጋገረበት ቂጣ ይዛ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄደች። አቶ ኢድዋል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች። ከፊታቸው ጥቁር ገላ፣ ቀይ መንቆርና ቀይ እግር ያላት ወፍ በነፋሱ ላይ ትጫወታለች። በዚያ ጠረፍ ስሟን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም፤ ሜረሪድማ ጎጆዎቿን በየዓመቱ የምትቆጥረው እሷው ናት።

ሻዩን ቀዳችላቸው፤ ጀርባዋን አመቻችታ ድንጋዩን ተደገፈች።

«አቶ ኢድዋል» አለች፣ «ይቺ ወፍ ምን ትባላለች?»