ክቡር የስልክ ሹም

በየመንደሩ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ የስልክ ሹም አይጠፋም። ስልኩ የሱ ነውና ወሬውም፣ ሕመሙም፣ ሰላምታውም በሱ በኩል ካልሆነ አያልፍም። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደር ይህን ሥልጣን ጠቅልለው የያዙት ክቡር አያ ይሄነው ነበሩ።

ስልካቸውን ሚስታቸው በሰፉላቸው ከረጢት ከአንገታቸው ያንጠለጥሉታል። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ አናት ላይ ብቻ ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲወጡ ያያቸው ለችሎት የሚሰየሙ ይመስለዋል። "ዘወር በሉ፣ መንግሥት እየደወለ ነው!" ይላሉ፤ የሚደውል ኖረም አልኖረም።

ጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች በስልክ የድምፅ መልእክት መላክ ሲጀምር፣ ስልክ የሌላቸው የመንደሩ ሴቶች ሁሉ የአያ ይሄነውን ቁጥር ሰጡ። ከዚያ ወዲህ እኒህ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት "ውድ እናታችን፣ ሆድዎ እየገፋ ነው" የሚለውን ድምፅ በጽሞና ያዳምጡ ጀመር። አዳምጠውም ዝም አይሉ፤ እንደ ዱሮው ነጋሪት ከጉብታው ላይ ያውጁታል። ሩፋይዳ የምትባል አንዲት ወጣት ለአማቷ እንኳ አፍራ ያልነገረችውን እርግዝና መንደሩ የሰማው ከሳቸው አፍ ነው።

"ሩፋይዳ! ጎመን ብዪ ብላለች ሴትዮዋ!"

ከመልእክቱ መጨረሻ ጥያቄ አለ። "እናታችን፣ እንዴት ነዎት? ደህና ከሆኑ አንድን፣ ሕመም ከተሰማዎት ሁለትን ይጫኑ።" ሁለት ከተጫነ ነርሷ መልሳ ትደውላለች። አያ ይሄነው ግን ሁለትን ነክተዋት አያውቁም። ለሙስሊሞቹ "አልሀምዱሊላህ"፣ ለክርስቲያኖቹ "እግዜር ይመስገን" እያሉ አንድን ብቻ ይጫናሉ። በጤና ጣቢያው ዘንድ የዚያች መንደር ሴቶች ታመው የማያውቁ ፍጡራን ሆኑ።

"አያ፣ እርጉዟ ብርሀንነሽ እኮ አንድን ሲጫኑላት ወገቧን ታማ ነበር" ብትላቸው ሩፋይዳ፣ ተቆጡ።

"ሰው ገና 'እንዴት ነሽ' ከማለቱ ሕመም ይዘረገፍለታል? መጀመሪያ ይመሰገናል። ሲደግምም ይመሰገናል። ሲሠልስ ነው ጉዳይ የሚወራው። ይቺ ሴትዮ አንዴ ጠይቃ ጥርቅም! አሳዳጊ የላትም?"

ሩፋይዳ ያን ጊዜ ስቃ አለፈች። ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ ግን ራሷን ይፈልጣት፣ ዓይኗ ብዥ ይልባት፣ ፊቷም ያብጥ ጀመር። ባሏ በሽር ለሥራ አቀስታ ሄዷል። የመልእክቱ ቀን ደርሶ አያ ይሄነው ወደ ጉብታቸው ሲያልፉ በደጇ ቆሙ።

"እንዴት አደርሽ ልጄ?"

"አልሀምዱሊላህ።"

"ደህና ነሽ?"

"አልሀምዱሊላህ፣ አያ።"

አልሄዱም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ፊቷን አዩ። "ደህና ነሽ ወይ፣ ሩፋይዳ?"

"ራሴን፣ አያ። እርስዎንም በቅጡ አላይዎት። ሁለትን ይጫኑልኝ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ እንኳ አያመስግኑ!"

ወደ ጉብታው ወጡ። ሩፋይዳ ከበሩ መቃን ተደግፋ ጆሮዋን አቆመች። ከዚያ ጉብታ ላይ ምስጋና ከተሰማ፣ ለሷ የሚመጣ ሰው የለም።

 ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ አገሩን ሞላው።

"ምን? እናቲቱ ራሷ ትናገር? ጉብታውን እንዴት አድርጋ ትውጣው! እኔ ነኝ! አዎ፣ ነፍሰ ጡሯ እኔው ነኝ! ደህና አይደለሁም! ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ይጨልምብኛል፣ ፊቴ አብጧል! ስምንት ወር ሆኖኛል፣ አምቡላንሱን ላኪው!"

ከታች ገብስ የሚያጭዱት ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቀሩ።

አምቡላንሱ ያንን ኮረኮንች እየነጠረ መጣ። ሩፋይዳም ሴት ልጇን ታቅፋ በሰላም ተመለሰች። አያ ይሄነው ግን እስከ ዛሬ አልዳኑም። ገበያ በወጡ ቁጥር ጎረምሳው ሁሉ "አያ፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ!" ይላቸዋል፤ "ስድ!" ብለው ምርኩዛቸውን ያነሳሉ።

አሁን በሽር ለሩፋይዳ ስልክ ገዝቶላታል። እሷም ጉብታውን ትወጣለች፤ አያ ይሄነው "ያለ ፈቃድ!" እያሉ ያጉረመርማሉ። ሴትዮዋ እንደ ልማዷ አንዴ ጠይቃ ትዘጋለች።

ጠዋት ጠዋት አያ ይሄነው በደጇ ሲያልፉ ግን "እንዴት አደርሽ ልጄ?" ይላሉ።

"አልሀምዱሊላህ" ትላለች ሩፋይዳ። ከዚያ ልጇን እንዳዘለች፣ የቀሩትን ሁለቱን ጥያቄዎች ቆማ ትጠብቃለች።